አልወለደችም ተብላ የተቀበረች

«እማማ፣ ይቀመጡ» ብለው አስቀመጡኝ። ሱፍ የለበሱ ሁለት ጎረምሶች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ክንዴን ይዘው፣ እንደ ሕመምተኛ አስቀመጡኝ። እኔን የዓለምወርቅን! ወደ ቀብሩ ለመሄድ በጸሎት አዳራሽ ተሰብስበን፣ የትርንጎን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ልጅ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ማይክራፎኑን ነካ ነካ አድርጎ፣ «እህት ትርንጎ ትዳር ሳይመሠርቱ፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ የሰው ልጅ በማሳደግ ያገለገሉ ደግ ሴት ነበሩ» ሲል ነው ብድግ ያልኩት። «ውሸት ነው!» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛውን ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ። ከኋላዬ አንዷ «የጎረቤት አሮጊት ናት፣ ሐዘን ነው» ስትል ሰማኋት። ሐዘን ነው! ሰው ሲያረጅ የሚናገረው እውነት ሁሉ ስሙ ተለውጦ ሐዘን ይባላል?

ማንም አልጠየቀኝም። ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን የኖርን ሰዎች ነን፤ ስታስል እሰማታለሁ፣ ሳስል ትሰማኛለች። ታሪኳ ሲጻፍ ግን ከእኔ ይልቅ ኮምፒውተሩ ያውቃታል ተባለ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። የልጅ ልጄ ኢየሩ ደብተሯን ሰጥታኛለች። የተጣመመ ፊደል ብታገኙ ከእጄ ነው፤ የተጣመመ ነገር ግን አታገኙም። እንግዲህ ስሙ፤ ትርንጎ ወልዳለች! አምጣ ወልዳለች፤ እትብቱን የቆረጥኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ያቺ የወለደቻት ልጅ በዚያ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ሮዳስ ትባላለች።

ቤታቸው ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ዳገቱ ላይ የተለጠፈ አንድ ክፍል ነበር። አባትየው የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሮዳስ ሁለት ዓመት ሳይሞላት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ትርንጎ በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንድ ገመድና አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጉሙ ከእንጦጦ እየተንከባለለ ይወርድና በየበራችን ሥር ገብቶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ትርንጎ ገመዷን በወገቧ ጠምጥማ እሱ ውስጥ ትገባለች... መጀመሪያ እግሯ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቀሚሷ፣ በመጨረሻ ሻሿ ብቻ እንደ ነጭ ወፍ ሽው ይልና እሱም ይሰወራል። ሕፃኗ ደጃፍ ላይ ቆማ ታያለች። «እናትሽ የት ሄደች?» ስላት «ደመና ውስጥ ናት፣ ሥራዋ እዚያ ነው» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተገልጦ ትርንጎ ከቁመቷ የሚበልጥ የባህር ዛፍ እንጨት ተሸክማ፣ ለሁለት ታጥፋ ስትወርድ ልጅቷ ውኃ በጣሳ ይዛ ትሮጣለች። ውኃውን ካጠጣቻት በኋላ ከኋላ ዞራ ሁለት ትንንሽ መዳፎቿን ከሸክሙ ሥር ታስገባና ሽቅብ ትገፋለች። «ቀለለሽ እማዬ?» «ቀለለኝ እንጂ! ምኑ ቀረ!» እንደዚያ እየተባባሉ ነበር ቁልቁለቱን የሚጨርሱት።

እሑድ ከአምልኮ መልስ ከሠፈራችን በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከተማው ከሥር ጉም ለብሶ ተኝቷል፤ ፀሐይ አንዱን ጣራ ነካ ስታደርገው ብልጭ ይላል፣ ሌላው ይከተላል፣ ውኃ ውስጥ የተበተነ መስታወት ይመስላል። «ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ቤት የትኛው ነው እማዬ?» ትላለች ሮዳስ። «ምረጪ፤ የወደድሽው ያንቺ ነው።» ሮዳስ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ፣ ጣራው ቀይ፣ ግድግዳው ነጭ፣ በረንዳ ያለው ቤት መረጠች። የሚቀጥለው እሑድም ያንኑ ቤት፤ የሚቀጥለውም ያንኑ። በረንዳው ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሚሆን ስታወራ ትርንጎ ዓይኗን ከድና ትሰማለች፤ ፊቷ ላይ እንደ እንቅልፍ ያለ ፈገግታ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ ይህ የሰው ቤት ነው» አላለቻትም። ብትላት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እናት የልጇን ሕልም አይታ «ተነሺ፣ ነግቷል» የማለት ጭካኔ ከየት ታመጣለች!

ሕልሙ ከልጅቷ ጋር አደገ። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አዲስ ጓደኞች አመጣች፤ ከታች ከከተማው የሚመጡ፣ በመኪና የሚሸኙ። እንጨት የተሸከመች ሴት የሰው ፊት አታይም፤ አንገቷ አይቀናም፣ የምታየው እግር ብቻ ነው። ትርንጎ የሠፈሩን ሰው ሁሉ በእግሩ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ሸክሟን ይዛ አስፋልቱን ስትሻገር የተማሪዎች እግር አየች፤ አራት ጥንድ። አንደኛው ጥንድ በቀኙ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ነበረው። ጥቁር ክር ጠፍቶ ሊስትሮው በቀይ የሰፋላት ጫማ ነው፤ ያሰፋችው ራሷ ትርንጎ ናት። ልቧ ዘለለ! «ሮዲዬ...» ልትል ከንፈሯ ሲላቀቅ ያ ጫማ ቆመ... ትንሽ አመነታ... ዞረ። ዞሮ በሌላው የመንገድ ዳር ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። «ማን ናት?» አለች አንደኛዋ ልጅ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ የልጇ ድምፅ።

ያን ቀን ማታ ትርንጎ እንደ ወትሮዋ ቤት ገባች። ራት አቀረበች፣ የልጇን ፀጉር ሠራች። በማግስቱ ግን መንገዷን ለወጠች፤ ከትምህርት ቤቱ ርቃ፣ በገደሉ በኩል፣ አንድ ሰዓት የሚጨምረውን መንገድ መረጠች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «አየሩ ጥሩ ነው» አለችኝ። አየሩ ጥሩ ነው! ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የቀይ ክሩን ነገር ያወራችልኝ፤ ያውም እየሳቀች፣ «ልጅ አይደለች፣ አፈረች» እያለች። እኔ ሮዳስን አግኝቼ በጥፊ ልላት ነበር። ትርንጎ እግሬ ላይ ወደቀች። «የዓለሜ፣ በአፍሽም እንዳትነኪያት! እኔ ቅር ካላለኝ አንቺን ምን አገባሽ?»

ሮዳስ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ባንክ ተቀጠረች። መልኳ የእናቷ ነው፤ ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ረጅም ቅንድብ። እዚያው ባንክ ውስጥ ኦልያድን አገኘችው። ኦልያድ ሰው ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። የሕንፃ መሣሪያ የሚነግድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አባቱ ሞቷል፣ እናቱ ወይዘሮ ጸሐይ ደግሞ ከታች ከተማ ባለው፣ ኋላ ትርንጎ በተሸኘችበት አዳራሽ የፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ትንሽ የምትናገር፣ ስትገባ ሰው የሚነሳላት ሴት ናት። ሮዳስ ወይዘሮ ጸሐይን ስታይ የሚያብረቀርቀውን ጣራ ያየች ያህል ፈዘዘች። ለኦልያድም እንዲህ አለችው፤ «እናቴ በልጅነቴ ሞታለች። ያሳደገችኝ አንዲት ሴት አለች፣ ደህና ሴት ናት።» ይህን ተናግራ ወደ ቤት መጣችና እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «እማዬ፣ አመለጠኝ። አንዴ ከአፌ ወጣ። አሁን እንዴት ልመልሰው?» ትርንጎ ፀጉሯን ዳበሰቻት። ከዚያ «ከወጣ ወጣ። እኔም ትንሽ ሞት ቢጤ አያቅተኝም» አለች። ቀለደች! እኔ በግድግዳው በኩል ሰምቼ ነው ያለቀስኩት፤ እነሱ እየሳቁ ነበር።

ሽማግሌ ሊላክ ነው። ሽማግሌ የሚቀበል ቤትና ወላጅ ያስፈልጋል። ትርንጎ የሠፈራችን አዳራሽ ሽማግሌ ወደነበሩት ወደ አቶ ሐብታሙ ሄደች፤ ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። አብሬያት ሄጃለሁ።

«ጋሼ፣ የልጅቷ አጎት ሆነው ይቀበሉልኝ» አለች።

«ወላጇ አንቺ በሕይወት እያለሽ? ሳሎኔን ውሰጂ፣ ወንበሬን ውሰጂ፤ እናት ሆነሽ ግን አንቺ ተቀመጪ እንጂ!»

ትርንጎ ወለሉን አየች። «አይሆንም ጋሼ። ሞታለች ብላዋለች።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ? ልጄ እንድታገባ ነው የምፈልገው። የሞተ ሰው ደግሞ አይከፋውም።»

ጠረጉት፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። እሺ አሉ። ጥፋቱ የእሳቸውም ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሠፈሩ ሁሉ ምላሴን የሚፈራኝ ሴት፣ ምላሴ በሚያስፈልግበት ቀን ዋጥኩት።

ሽማግሎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ የቤተሰብ ትውውቅ ሆነ፤ ወይዘሮ ጸሐይ ራሷ መጣች። እኔና ትርንጎ አቶ ሐብታሙ ቤት ኩሽና ውስጥ ነበርን። ወጥ እናወጣለን፣ ሳህን እናጥባለን። በበሩ ስንጥቅ ሮዳስ ትታየናለች፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ በውኃ ላይ እንደቆመች ነገር። «የዓለሜ፣ እያት! እያት እስቲ!» እያለች ትርንጎ በክርኗ ትጎሽመኛለች። እንግዶቹ ሲነሱ ለወይዘሮ ጸሐይ የተጋገረው ድፎ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ሊጫን ሆነ። ትርንጎ ገመድ አነሳችና አሰረችው። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች አንድ የራሳቸው አስተሳሰር አላቸው። እንደ ድንጋይ የጠበቀ ይመስላል፤ ግን አንዲት ጫፍ ሳብ ስታደርገው ሸክሙ ሁሉ ባንዴ ከጀርባ ይወድቃል። የደን ጥበቃ ድንገት ሲመጣ ጥለው የሚሮጡበት ነው። እጇ ሳታስብ ያንን አሰረ።

ወይዘሮ ጸሐይ ዳቦውን ልትቀበል እጇን ዘርግታ ቆመች። ቋጠሮውን አየች። በጣቷ ነካችው። ከዚያ ቀና ብላ ትርንጎን አየቻት፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን። ሮዳስንም ዞራ አየቻት።

«ይህን ማን ነው ያሰረው?» አለች።

«ሠራተኛዋ ናት፤ ካልተመቸዎት ይፈታ» አለች ሮዳስ ፈጠን ብላ።

«የለም፣ አይፈታ» አለች ወይዘሮ ጸሐይ። ዳቦውን ታቅፋ ወደ መኪናዋ ሄደች። እኔ ኩራት መሰለኝ፤ የሀብታም ዝምታ አድርጌ ወሰድኩት።

ከሠርጉ በፊት ለፎቶ እንጦጦ ወጡ። ያ ትርንጎ ሠላሳ ዓመት የታጠፈችበት ዳገት ዛሬ መናፈሻ ሆኗል፤ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የስፖርት ጫማ ያደረጉ ወጣቶች። ትርንጎ የቬሎውን ጫፍ ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ጉም ነበር፤ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉም። ሮዳስ በነጩ ቀሚስ እሱ ውስጥ ስትገባ ትርንጎ እየሄደች ያለችው ልጇ ትሁን እሷ ራሷ፣ በወጣትነቷ፣ ሸክም ሳይኖራት፣ መለየት አቃታት። ቆማ ቀረች። «እማማ፣ ከፎቶው ውጡልን!» አላት ፎቶ አንሺው። «ወጣሁ ልጄ፣ ወጣሁ» ብላ ወደ ዛፎቹ ገባች። አንዱን ባህር ዛፍ ታውቀዋለች፤ የምታርፍበት ነበር። እሱን ተደግፋ ጨረሱ እስኪሏት ቆየች። ይህን ስትነግረኝ «ዛፉ አልረሳኝም» አለችኝ። ዛፉ!

አግብታ ዓመት ሳይሞላት ሮዳስ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሳምሪን። ቤቱ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አዲሱ ገበያ ነው፤ ጣራው ቀይ፣ ግድግዳው ነጭ፣ በረንዳ አለው። ያው ራሱ ይሁን የሚመስለው አላውቅም። ሞግዚት ያስፈልጋል ተባለ። ሮዳስ ወደ ቁስቋም ወጥታ እናቷን ወሰደቻት። ሞግዚት አድርጋ! የልጇ ባል ደሞዝ የሚከፍላት፣ ሰርቪስ ቤት የምታድር ሞግዚት!

«አንቺ ሴት አብደሻል?» አልኳት ትርንጎን፣ ልብሷን በፌስታል ስትከት። «በገዛ ልጅሽ ቤት በጓሮ በር?»

«የዓለሜ፣ በየትኛውም በር ልግባ። አቅፋታለሁ እኮ! ሌላ ሞግዚት መጥታ ብታቅፍብኝስ?» አለችና ሳቀች። ፌስታሉ ሥር ያቺን ገመድ አየኋት፤ ተጠቅልላ።

አራት ዓመት። የሄድኩ ቀን ሁሉ በረንዳው ላይ አገኛቸው ነበር፤ ትርንጎ ሕፃኗን ታቅፋ ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ዘርግታ፣ «ያ ደመና ይታይሻል? እዚያ ውስጥ እሠራ ነበር» ስትላት። የድሮው ነገር ተገልብጦ፣ ከላይ ወደ ታች ያዩ የነበሩት አሁን ከታች ወደ ላይ ያያሉ። ኦልያድ «እማማ ትርንጎ» ይላታል፤ መኪና ውስጥ ከፊት ያስቀምጣታል። ሳምሪ «ትርንጎዬ» ትላታለች። አንድ ቀን ሕፃኗ የትርንጎን ግንባር በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ትርንጎዬ፣ የእማዬ ግንባር አንቺ ላይ ምን ይሠራል?» አለቻት። ሮዳስ ቡና ስኒ ይዛ ቆማ ነበር። ስኒው ወደቀ። ትርንጎ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ተውሼው ነው የኔ እናት። እመልስላታለሁ።»

ከዚያ ሳሉ ጠነከረ። ሠላሳ ዓመት የታጠፈ ጀርባ፣ ሠላሳ ዓመት ጭስና ብርድ የበላው ሳንባ። ሮዳስ ሽሮፕ ትገዛለች፣ ሎሚ ትጨምቃለች፣ ፍራሽ ትለውጣለች፤ ሁሉን ታደርጋለች፣ አንዲቷን ቃል ብቻ አትልም። ብሶባት ሆስፒታል ሲወስዷት እኔም ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ቀና ሳትል ጠየቀች፤ «ለታማሚዋ ምኗ ነሽ?» ኦልያድ አጠገቧ ቆሟል። ትርንጎ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች፤ የምታየው የልጇን ጫማ ነው። ያ ጫማ አመነታ... እንደ ጥንቱ አመነታ... «አሠሪዋ ነኝ» አለች ሮዳስ። መዝጋቢዋ ጽፋው አለፈች። ትርንጎ ሻሿን አስተካከለች።

ሦስት ቀን ተኛች። ጀርባዋ ስለማይዘረጋ በጎኗ ነው የምትተኛው። መስኮቱ ወደ እንጦጦ ነበር፤ ደመናው ሲወርድ ትስቃለች። «ሕልም አየሁ የዓለሜ» አለችኝ በሁለተኛው ቀን። «ሸክሜን ይዤ እወርዳለሁ። ግን አይከብድም፣ እንደ ጥጥ ነው። ለምን ቀለለ ብዬ ዞር ስል ሮዲ ከሥሩ ናት፤ ያቺ ትንሿ፣ ጣሳ የያዘችው። ትገፋልኛለች። መንገዱ አያልቅም... እንዳያልቅ ብዬ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።» ይህን ብላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ የማይታይ ገመድ ሲቋጥር አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሮዳስ ብቻዋን መጣች። እኔ መጋረጃው ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ የተኛሁ መስሏታል። ወዲህ ወዲያ ተመለከተች፤ ነርስ የለም፣ ሰው የለም። አልጋው ሥር ተንበረከከች። «እማዬ...» አለች። ይህን ካለቻት ስንት ዓመት ሆነ? እኔ መጋረጃውን ነክሼ ያዝኩ። «እማዬ! እማዬ ይቅር በይኝ!» ድምጿ ከፍ አለ። ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሰማች። ጣቷን አንስታ የልጇ ከንፈር ላይ አደረገችና፣ የመጨረሻ ቃሏ ይህ ነው፣ እንዳለ ጻፍኩት፤ «ዝቅ አድርጊው ልጄ... ሰው ይሰማሻል።»

እዚያው አረፈች። እግዜር ያሳያችሁ፤ የምትሞት ሴት የልጇን ውሸት ስትጠብቅላት!

ታዲያ በማግስቱ ያ ልጅ ማይክራፎን ይዞ «ልጅ ሳይወልዱ» አለ። ሮዳስ መነጽሯን አላወለቀችም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አዲሱ ገበያ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ልሳደብ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። ሰዉ ሲሳሳ ወይዘሮ ጸሐይ ተነሥታ እኔንም ሮዳስንም ወደ ውስጥ ክፍል ጠራችን፣ በሩን ዘጋች። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ገመድ ነው። የዚያ የዳቦው ገመድ፤ ቋጠሮው እንዳለ፣ ጨርቁን ቆርጣ አውጥታው፣ ሳትፈታው ያኖረችው።

«ይህን አስተሳሰር ያስተማረችኝ እናትሽ ናት» አለቻት ሮዳስን።

ሮዳስ ግድግዳውን ያዘች።

«አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከቁስቋም በላይ እንጨት እንሸከም ነበር። ጥበቃ ሲመጣ ሸክሜ አልፈታ ብሎኝ ወደቅኩ። እሷ የራሷን ጥላ ተመልሳ የኔን በምላጭ ቆረጠችልኝ፤ ተያዘች፣ ተደበደበች። በማግስቱ ቁጭ አድርጋ ይህን አሳየችኝ። በአንድ ሳብታ የሚፈታውን።»

«ከመጀመሪያው ቀን... ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ግንባርሽን አይቼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ለምን ዝም አሉኝ?» ሮዳስ ጮኸች፤ ወዲያው ሳሎን ያለው ሰው እንዳይሰማ አፏን በእጇ ያዘች።

ወይዘሮ ጸሐይ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ያቺ ሰው የሚነሣላት ሴት እንደ ባዶ ጆንያ ታጠፈች። «አንቺ እስክትናገሪ ጠበቅኩ ልልሽ ነበር። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። የእሷን ብናገር ‹አንቺ በምን አወቅሽ?› ልባል ነው። የኦልያድ አባት እንኳ ሳያውቅ ሞተ። ኦልያድ እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።»

«እሷስ አውቃዎታለች?» አልኳት እኔ።

«በጥምቀት ሰሞን ኩሽና ውስጥ ብቻችንን ሆንን። እጄን ያዘችና ‹ጸሐይ፣ ልጄን አደራ› አለችኝ። እኔም እጇን ሳምኩና ወጣሁ።»

ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም! የልጇንም ምስጢር፣ የጓደኛዋንም ምስጢር፣ ሁለቱን ባንድ ገመድ አስራ ይዛ ሞተች። ሮዳስ ወለሉ ላይ ወደቀች። ያ ሁሉ ዓመት የሸሸችው፣ እናቷን የቀበረችበት፣ ልጇን ያታለለችበት ዓይን... ያ ዓይን ራሱ ከዚያው ዳገት የወረደ የእንጨት ተሸካሚ ዓይን ኖሯል! በቀይ ክር ከተሰፋው ጫማ ጀምሮ የተሠራው ቤት ሁሉ ለማን ተሠራ? ለማንም። የሚያፍርባት ሰው አልነበረም። ዕድል የሚሉት ነገር አንዳንዴ ይቀልዳል፤ ቀልዱ ግን የሚገባን የሚስቅ ሰው ከሌለ በኋላ ነው። እኔ ልሳደብ የሄድኩት ሴት ስድቤ ጠፋኝ። ተቀምጬ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አደረግኩት፤ ከእትብቷ ጀምሮ የማውቀውን ጭንቅላት።

ስትረጋጋ ግን ምን አለች? «እማማ የዓለምወርቅ፣ ቀስ ብዬ ለኦልያድ እነግረዋለሁ። ጊዜ ይስጡኝ።» ጊዜ! ጊዜ የሚሰጥ እኔ ነኝ? ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ሳምሪ ደግሞ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ «ትርንጎዬ ደመናው ውስጥ ሥራ ሄዳ ነው፣ ከሰዓት ትመጣለች» እያለች ውኃ በኩባያ ይዛ ትጠብቃለች። በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት።

ስለዚህ ሮዳስ፣ ይህ ደብተር ያንቺ ነው፤ ኢየሩ ታመጣልሻለች። በመጪው እሑድ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክራፎን ትቆሚና ታነቢዋለሽ። መነጽርሽን አውልቂ። ሳምሪን በክንድሽ ያዢያት። ወይዘሮ ጸሐይ ከጎንሽ ትቁም፣ ገመዷን ይዛ ትቁም፤ ነግሬያታለሁ። ኦልያድ ከፊት ይቀመጥ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ማንም ክንዴን እንዳይዘኝ። መጀመሪያ ቃልሽ «ትርንጎ እናቴ ናት» ይሁን። ዝቅ አታድርጊው። ጮክ በይ ልጄ፤ ሰው ይስማሽ።